ተወው እና ተወለት፤ አፊዬሚ ስለሚባለው የጽርእ ግስ ትርጓሜና አገባብ

በቅዱስ መጽሐፍ ከሚገኙት ግሶች መካከል ዕለት ዕለት በአፋችን እያመላለስናቸው ትርጓሜያቸውን ግን ቆም ብለን የማንጠይቃቸው ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህም አንዱ ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ ባስተማረው ጸሎት ውስጥ ስለ በደላችን በምንለምንበት ቦታ የሚገኘው ግስ ነው። በአማርኛ «ይቅር በለን» እንላለን፤ በግእዝ «ኅድግ ለነ» እንላለን፤ ወንጌላውያን በጻፉበት በጽርእ ቋንቋ ግን ቃሉ «አፊዬሚ» ከሚባለው ግስ የወጣ ነው። በዚህ ወር ትምህርታችን የዚህን ግስ መሠረት፥ በልዩ ልዩ ቦታ የሚሰጠውን ትርጓሜና አገባቡን መርምረን፥ ከምርመራውም ለኑሮአችን የሚሆነውን ፍሬ ለመልቀም አስበናል።

ትምህርቱን በተለይ በመቱ፥ በጎሬ፥ በሁሩሙ፥ በያዮና በሌሎችም የኢሉባቦር ከተሞች ለሚኖሩ ምእመናን አስበን አዘጋጅተነዋል። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛው፥ የዚያ አገር ምእመን ይህን ቃል በሦስት ቋንቋ የሚሰማ መሆኑ ነው፤ በቅዳሴ በግእዝ፥ በስብከት በአማርኛ፥ በቤቱና ዛሬ ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት በኦሮምኛ ይሰማዋል። ሦስቱ ቋንቋዎችም፥ ወደ ፊት እንደምናየው፥ የጽርኡን ቃል ምሥጢር በሚያስደንቅ ሁኔታ ጠብቀው ይዘውታል። ሁለተኛው ምክንያት፥ አገሩ የቡና አገር መሆኑ ነው። ቡና ባለበት ብድር አለ፤ ብድር ባለበትም ባለ ዕዳና አበዳሪ አሉ። የምንመረምረው ግስ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የባለ ዕዳና የአበዳሪ ቃል ነው።

ጥያቄአችንም ይህ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በወሰን ወይም በገንዘብ ተጣልተው ሽማግሎች ያስታርቋቸው ዘንድ በተቀመጡ ጊዜ፥ ከሁለቱ አንዱ «እኔ እሱን ትቼዋለሁ» ብሎ መልስ ቢሰጥ፥ ይህ ሰው ይቅር ብሏልን? ወይስ አላለም? ብዙዎች በንስሓ አባታቸው ፊት ይህንኑ ቃል ተናግረው፥ ቃሉም እንደ ይቅርታ ተቆጥሮላቸው፥ ነገር ግን ያን ወንድማቸውን በመንገድ ሲያገኙት ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ። ስለዚህ ነገሩ የሰዋስው ብቻ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው።

1. የግሱ መሠረት

አፊዬሚ ከሁለት ክፍሎች የተሠራ ነው። የመጀመሪያው «አፖ» የሚለው ቃል ሲሆን ትርጓሜው «ከ» ወይም «ርቆ» ማለት ነው። ሁለተኛው «ሂዬሚ» የሚለው ግስ ሲሆን ትርጓሜው ላከ፥ ለቀቀ፥ ወረወረ ማለት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ «ከራስ አርቆ ለቀቀ፥ ሰደደ» የሚል ትርጓሜ ይሰጣሉ። ከሐዋርያት ዘመን አስቀድሞ የነበሩት የጽርእ ጸሐፊዎች ቀስት ከደጋን ሲለቀቅ፥ እስረኛ ከእስር ሲወጣ፥ ተከሳሽ ከክስ ነጻ ሲሆን፥ ተበዳሪ ከዕዳው ሲሰናበት በዚሁ ግስ ይናገሩ ነበር። ከግሱም «አፌሲስ» የሚባለው ስም ይወጣል፤ ትርጓሜውም መልቀቅ፥ ነጻ ማውጣት፥ ስርየት ማለት ነው።

በአዲስ ኪዳን ግሱ ከ140 ጊዜ በላይ ይገኛል። ከእነዚህም ስለ ኃጢአትና ስለ ዕዳ ይቅርታ የሚናገረው ከሦስት አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ሁለት እጅ ስለ ሌላ ልዩ ልዩ መተው ይናገራል። አፌሲስ የሚለው ስም ግን 17 ጊዜ ብቻ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ኃጢአት ስርየት ነው። ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፤ አንድን ግስ ከመሠረቱ ብቻ ተነሥቶ «ትርጓሜው ይህ ነው» ብሎ መፍረድ አይገባም። ቃል እንደ ሰው ነው፤ የትውልዱን ሐረግ ማወቅ ይጠቅማል፤ ጠባዩ የሚታወቀው ግን ከማን ጋር እንደሚውል ሲታይ ነው።

2. ግሱ በወንጌል የሚውልባቸው ቦታዎች

1ኛ. ትቶ መሄድ። ጴጥሮስና እንድርያስ በተጠሩ ጊዜ መረባቸውን ተዉ፤ ያዕቆብና ዮሐንስም ታንኳውንና አባታቸውን ተዉ (ማቴ. 4፥ 20-22)። ዲያብሎስም ጌታን ፈትኖ ከተሸነፈ በኋላ ተወው (ማቴ. 4፥ 11)። በሦስቱም ቦታ ግሱ አንድ ነው።

2ኛ. መፍቀድ፥ አለመከልከል። ሕፃናቱ ወደ ጌታ እንዲመጡ ተዉአቸው በተባለ ጊዜ (ማቴ. 19፥ 14)፥ ስንዴውና እንክርዳዱ እስከ መከር አብረው ይደጉ ዘንድ ተዉአቸው በተባለ ጊዜ (ማቴ. 13፥ 30) የተነገረው ይኸው ግስ ነው። አልዓዛርም ከመቃብር በወጣ ጊዜ ጌታ የመግነዙን ፈትል ፈትተው እንዲሄድ ይተዉት ዘንድ ያዘዘው በዚሁ ቃል ነው (ዮሐ. 11፥ 44)።

3ኛ. ማሰናበት። ጌታችን ሕዝቡን አሰናብቶ ወደ ቤት በገባ ጊዜ (ማቴ. 13፥ 36) እንዲሁም ቅዱስ ጳውሎስ ባል ሚስቱን እንዳይፈታ ባዘዘ ጊዜ (1ኛ ቆሮ. 7፥ 11) ይህ ግስ ተነግሯል። ስለዚህ የፍቺም ቃል ነው ማለት ነው።

4ኛ. የበሽታ መልቀቅ። የጴጥሮስ አማት በንዳድ ታማ ሳለች ጌታ እጅዋን ይዞ ባስነሣት ጊዜ ንዳዱ ተዋት (ማር. 1፥ 31)። በአገራችንም «ወባ ለቀቀው» ይባላልና አነጋገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጥቂት ቍጥሮች ዝቅ ብለን ስናነብ ደግሞ፥ በአራት ሰዎች ተሸክሞ ለመጣው ሽባ ኃጢአቱ እንደ ተተወችለት በዚሁ ግስ ይነገራል (ማር. 2፥ 5)። ወንጌላዊው ንዳድን ያስለቀቀውንና ኃጢአትን ያስለቀቀውን በአንድ ቃል አስተባብሮ መጻፉን ልብ ይሏል።

5ኛ. ዕዳን መተው፥ ኃጢአትን ይቅር ማለት። ይህ የዛሬው ትምህርታችን ዋና ክፍል ስለ ሆነ ከዚህ በታች ሰፋ አድርገን እንመለከተዋለን።

እነዚህ ሁሉ ትርጓሜዎች በጌታ ስቅለት ጊዜ በአንድ ስፍራ ተሰብስበው ይገኛሉ። ጌታ ለሰቃዮቹ ይቅርታን የለመነው በዚህ ግስ ነው (ሉቃ. 23፥ 34)። ኤልያስ ይመጣ እንደ ሆነ እንይ ብለው ሆምጣጤ የሚያጠጣውን ያስቆሙት ሰዎች «ተው» ያሉት በዚህ ግስ ነው (ማቴ. 27፥ 49)። ቅዱስ ማቴዎስ ጌታ በፈቃዱ ነፍሱን እንደ ሰጠ ሲጽፍ (27፥ 50)፥ ቅዱስ ማርቆስም ታላቅ ድምፅ እንዳሰማ ሲጽፍ (15፥ 37) የተናገሩት በዚሁ ግስ ነው። በዳዮቹ በከንቱ ቃል ለዘበት የጠቀሙበትን ግስ እርሱ ለእነርሱ ስርየት ጠቀመበት፤ ከዚያም ነፍሱን ራሱን ለቀቀ። ይቅርታ ለይቅር ባዩ ዋጋ የሚያስከፍል ነገር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ቦታ አናገኝም።

3. የዕዳ መተውና የነጻነት ዐዋጅ

ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርእ የተረጐሙት ሊቃውንት አፌሲስ የሚለውን ስም የተጠቀሙበት በሁለት ታላላቅ ሕጎች ነው። አንደኛው በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 የሚገኘው የሰባተኛው ዓመት ሕግ ነው። በየሰባቱ ዓመት አበዳሪ ሁሉ ለወንድሙ ያበደረውን እንዲተው ታዝዟል። ሁለተኛው በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 የሚገኘው የኢዮቤልዩ፥ ማለት የ50ኛው ዓመት ሕግ ነው፤ በዚያ ዓመት በድህነት ምክንያት የተሸጠው ሰው ወደ ወገኑ፥ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 61 ለምርኮኞች ነጻነት እንደሚታወጅ ሲናገር የጽርኡ መጽሐፍ አፌሲስ ይላል። ጌታችን በናዝሬት ምኵራብ ተነሥቶ ያነበበው ይህንኑ የነቢዩን ቃል ነው፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ቍጥር 18 ላይም አፌሲስ የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፎ ይገኛል።

እንግዲህ ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዎች ይህን ቃል ሲሰሙ በልቡናቸው የሚሣለው ሥዕል የሚታይና የሚዳሰስ ነበር፤ የተቀደደ የዕዳ ደብዳቤ፥ የተከፈተ የወኅኒ በር፥ ወደ አባቱ ቤት የሚመለስ የተሸጠ ልጅ ነው። ጌታ በጸሎቱ ይህን ግስ በጠራ ጊዜ ከጎኑ ያቆመው ስም «ኦፌሌማ» የሚባለው ሲሆን ትርጓሜውም በቀጥታ ዕዳ ማለት ነው (ማቴ. 6፥ 12)። ቅዱስ ሉቃስ ስለ እኛ በደል ኃጢአት ብሎ ጽፎ፥ እኛን ስለ በደሉት ግን ዕዳ ያለባቸው ብሎ ይጽፋል (ሉቃ. 11፥ 4)። ስለዚህ ኃጢአት በእግዚአብሔር ዘንድ ያለብን ዕዳ ነው፤ በደልም በእኛ ዘንድ ወንድማችን ያለበት ዕዳ ነው።

የሁለቱን ዕዳዎች ልክ ጌታ ራሱ በምሳሌ አሳይቶናል (ማቴ. 18፥ 23-35)። ባሪያው ከጌታው የተበደረው 10,000 መክሊት ነው፤ ባልንጀራው ከእርሱ የተበደረው 100 ዲናር ነው። አንድ ዲናር የአንድ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ነበር (ማቴ. 20፥ 2)፤ አንድ መክሊትም 6,000 ዲናር ያህል ነበር። ስለዚህ የባሪያው ዕዳ 60,000,000 ዲናር ይሆናል። በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው ይህን ዕዳ ለመክፈል 200,000 ዓመት ያስፈልገዋል። የባልንጀራው ዕዳ ግን የ100 ቀን ሥራ ዋጋ ነው። የ100 ቀን ሥራ ዋጋ ለድኻ ሰው ቀላል አይደለም፤ ጌታም ወንድማችን የበደለን በደል ምንም አይደለም አላለም። በደሉ እውነተኛ ዕዳ ነው፤ ከተተወልን ዕዳ ጋር ሲመዛዘን ግን ከ600,000 አንድ እጅ ይሆናል።

4. ሦስቱ ቋንቋዎቻችን

አዲስ ኪዳን በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ በተተረጐመ ጊዜ አባቶቻችን ለአፊዬሚ የመረጡት ግስ «ኀደገ» ነው። ኀደገ ማለት ተወ፥ ለቀቀ፥ ፈታ፥ ይቅር አለ ማለት ነው። መረብን መተውም፥ ሚስትን መፍታትም፥ ኃጢአትን ማስተስረይም በዚህ አንድ ግስ ይነገራል፤ ስለዚህ የጽርኡን ስፋት ሳያጎድል ይዞታል። እንዲያውም ከጽርኡ የሚሰፋበት ቦታ አለ። ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ ስለ ምን ተውኸኝ ባለ ጊዜ ጽርኡ አፊዬሚን ሳይሆን «ኤንካታሌይፖ» የሚባለውንና መጣልን፥ በመከራ ውስጥ ትቶ መሄድን የሚያመለክተውን ሌላ ግስ ይጽፋል፤ ግእዙ ግን ለዚህም ኀደገ ይላል።

በአማርኛ «ተወ» የሚለው ግስ ከዚህ ጋር አንድ መንገድ ይሄዳል። «ይቅር» የሚለው ቃልም ቢሆን «ቀረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ «ይቅር አለ» ማለት «ይህ ነገር ከዚህ አይለፍ፥ ወደ ኋላ ይቅር» ብሎ ፈረደ ማለት ነው። በደሉ ይቀራል፤ ሰዎቹ ግን አብረው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

በኦሮምኛም መተው «ዺሱ» ይባላል፤ ይቅርታ ደግሞ ከዚሁ ግስ ወጥቶ «ዺፈማ» ይባላል። የመቱና የጎሬ እናቶች ልጆቻቸውን ይቅርታ እንዲጠይቁ ሲያስተምሩ የሚናገሩት ቃል እንግዲህ በመሠረቱ ከአፊዬሚ ጋር የሚተካከል ነው።

የኦሮምኛውን ቃል ካነሣን ዘንድ፥ ቅዱስ መጽሐፍን ወደዚህ ቋንቋ የመለሱት ሰው የዚያው የኢሉባቦር አገር ተወላጅ መሆናቸውን መናገር ይገባናል። እኚህም ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1856 ገደማ በሁሩሙ አጠገብ ተወልደው፥ ገና በሕፃንነታቸው በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቁ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሸጡ ምጽዋ ደረሱ። በዚያም በ1870 ቨርነር ሙንሲንገር የሚባለው ሰው ነጻ አወጣቸው፤ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ተማሩ። ሲጠመቁ የተሰየሙበት ስም ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በላከው መልእክት የምናገኘው የዚያ ባሪያ ስም ነው። አዲስ ኪዳንን በኦሮምኛ በ1893፥ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በግእዝ ፊደል አሳተሙ። እንደ እርሳቸው ለባርነት ተዳርገው በ1886 ነጻ የወጡት አስቴር ጋኖም ቃላትን በመሰብሰብ በዚህ ሥራ ረድተዋቸዋል። ኦኔሲሞስ በ1931 በነቀምቴ ዐረፉ። በእምነት ሥርዓት የሌላ ማኅበር ሰው ቢሆኑም፥ ስለ ቃል ስንማር የቃልን ሠራተኛ ማመስገን ይገባል። በልጅነቱ የተሸጠ ሰው ለምርኮኞች መፈታትን የሚያውጀውን የኢሳይያስን ምዕራፍ በእናቱ ቋንቋ ሲጽፍ፥ አፌሲስ ማለት ምን እንደ ሆነ ከመዝገበ ቃላት ብቻ የተማረው እንዳልነበረ አያጠራጥርም።

5. አገባቡ የሚያስተምረን

አሁን ወደ ነገሩ ልብ ደርሰናል። አፊዬሚ የሚለው ግስ በአዲስ ኪዳን ስለ ይቅርታ ሲነገር አገባቡ የታወቀ ነው። የሚተወው ነገር፥ ማለት ኃጢአቱ ወይም ዕዳው፥ ተሳቢ ይሆናል፤ ሰውዬው ግን ተሳቢ አይሆንም፤ «ለ» በሚለው አገባብ ይቀመጣል። «ኃጢአቱን ለእርሱ ተወ» ይላል እንጂ «እርሱን ተወ» አይልም። ሰውዬው ራሱ ተሳቢ በሆነ ጊዜ ግን ትርጓሜው ይለወጣል፤ ትቶት ሄደ፥ አሰናበተው፥ ፈቀደለት ወይም ፈታት ማለት ይሆናል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ከዚህ በላይ ያነሣነው ምሳሌ ነው። በማቴዎስ 18፥ 27 ላይ ጌታው ለባሪያው ሁለት ነገር አደረገለት፤ ለሁለቱም ነገር ሁለት ግሶች ተጽፈዋል። ባሪያውን ራሱን ከእስራት ስለ መፍታቱ «አፖሊዮ» የሚል ሌላ ግስ ተጽፎ ሰውዬው ተሳቢ ሆኗል፤ ዕዳውን ስለ መተው ግን አፊዬሚ ተጽፎ ዕዳው ተሳቢ፥ ሰውዬው «ለእርሱ» ሆኗል። በቍጥር 35ም ጌታ ምሳሌውን ሲፈጽም እያንዳንዱ ለወንድሙ ይተው ዘንድ ያስተምራል እንጂ ወንድሙን ይተው ዘንድ አያስተምርም።

ሦስቱ ቋንቋዎቻችንም ይህን ልዩነት በጥንቃቄ ይጠብቃሉ። በግእዝ «ኅድግ ለነ» ስንል ዕዳችንን ተውልን ማለታችን ነው፤ «ኢትኅድገነ» ስንል ግን አትተወን፥ አትጣለን ማለታችን ነው። ግሱ አንድ ሲሆን ጸሎቱ ተቃራኒ ነው። በአማርኛ «ተወለት» እና «ተወው» እንላለን። በኦሮምኛ «ኑፍ ዺሲ» ማለት ለእኛ ተውልን ማለት ሲሆን፥ «ነ ዺሲ» ማለት ግን ተወኝ፥ ከእኔ ራቅ ማለት ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በአንዲት ፊደል የሚያልቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያች ፊደል ውስጥ የወንድማችን ዕድል አለበት።

ጌታችን በመጨረሻዋ ሌሊት ለደቀ መዛሙርቱ የተናገረውንም በዚህ ሚዛን ብናይ ብርሃኑ ይበዛል። ሙት ልጆች አድርጎ እንደማይተዋቸው ሲነግራቸው ደቀ መዛሙርቱ ተሳቢ ናቸው (ዮሐ. 14፥ 18)፤ ሰላሙን እንደሚተውላቸው ሲነግራቸው ግን ሰላሙ ተሳቢ፥ እነርሱ «ለእናንተ» ሆኑ (ዮሐ. 14፥ 27)። ሰውን አይተውም፤ ለሰው ግን ይተዋል። ይህ የክርስቶስ ጠባይ ነው፤ የይቅርታም ሥርዓት ይኸው ነው።

እንግዲህ በመግቢያችን ያነሣነው ጥያቄ መልሱን አገኘ። «እኔ እሱን ትቼዋለሁ» የሚል ሰው የተናገረው የፍቺ ቃል ነው። ባልንጀራውን አሰናበተ፤ በደሉን ግን በልቡ አስቀረ። ሥርዓቱ የተገለበጠ ነው፤ መሄድ የሚገባው ቀረ፥ መቅረት የሚገባውም ሄደ። ክርስቲያን እንዲል የታዘዘው «በደሉን ትቼለታለሁ» ነው፤ ያን ጊዜ በደሉ ይሄዳል፥ ወንድምም ይቀራል።

6. መተው በደል የሚሆንበት ጊዜ

ይሁን እንጂ «ሁሉን ነገር መተው መልካም ነው» ብሎ የሚያስብ ቢኖር ደግሞ ከሌላው ወገን ይሳሳታል። ይኸው ግስ በነቀፌታም ተነግሯልና። ጌታ ጸሐፍትንና ፈሪሳውያንን ከከሙን ከእንስላል ዐሥራት እያወጡ ፍርድንና ምሕረትን ታማኝነትንም ተዉ ብሎ ሲወቅስ ግሱ አፊዬሚ ነው (ማቴ. 23፥ 23)። የኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን የቀደመ ፍቅርዋን በመተዋ ስትወቀስም ግሱ አፊዬሚ ነው (ራእ. 2፥ 4)። ስለዚህ ፍርድን መተው ይቅርታ አይባልም፤ ቸልታ ይባላል። ቅዱስ ሉቃስ እንደ ጻፈው፥ ወንድም ቢበድል አስቀድሞ ሊገሠጽ፥ ቢጸጸት ሊተውለት ይገባል (ሉቃ. 17፥ 3)። በደልን በስሙ መጥራት የይቅርታ ተቃዋሚ አይደለም፤ ስም የሌለው ዕዳ ሊሰረዝ አይችልምና።

ከሁሉ የከፋው መተው ግን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቍጥር 12 ላይ የተጻፈው ነው። ተኵላ ሲመጣ ቅጥረኛው እረኛ በጎቹን ይተዋል፤ ግሱ ይኸው ነው። በጎቹ ተሳቢ ናቸውና የተተዉት እነርሱ ናቸው። ኢሉባቦር ለዚህ ቃል ተቃራኒ የሚሆን ምስክር አላት። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በጎሬ ከተማ፥ በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የነበሩት አቡነ ሚካኤል፥ በኢጣልያ ወረራ ጊዜ በ1929 ዓ.ም. ለወራሪው አልገዛም ብለው በጠላት ጥይት ተገድለዋል። ተኵላው በመጣ ጊዜ በጎቻቸውን አልተዉም፤ ከዚያ ይልቅ ነፍሳቸውን ተዉላቸው። አንዱ ግስ በአንድ ወገን ቅጥረኛውን፥ በሌላው ወገን እውነተኛውን እረኛ ሊያመለክት የሚችለው፥ ማን ምንን ለማን እንደሚተው በመታየቱ ነው።

7. ለኑሮአችን

ከዚህ ሁሉ በኋላ ትምህርቱን ወደ ዕለት ሥራችን ልናወርደው ይገባል።

በቡና አገር ገበሬ ክረምቱን ለመሻገር ከነጋዴ ወይም ከጎረቤቱ ገንዘብ ይበደራል፤ ቡናው ሲለቀም ይከፍላል። ዋጋ በወደቀ ወይም ፍሬው በሳሳ ዓመት ዕዳው ወደሚመጣው ዓመት ይተላለፋል፤ አራጣ ካለበትም እያደገ ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ቦታ የአባታችን ሆይ ጸሎት በአበዳሪውም በተበዳሪውም አፍ አንድ ሆኖ ይነገራል። አበዳሪው «ዕዳዬን ተውልኝ» ሲል በመዝገቡ ውስጥ የማን ስም እንዳለ ማሰብ ይገባዋል። ድኻን በአራጣ ማሰር በሕገ እግዚአብሔር የተከለከለ ነውና፥ ከዋናው ገንዘብ በላይ የተቈለለውን መተው የመጀመሪያው የይቅርታ ሥራ ነው። ኦሪትም የመተው ዓመት ቀረበ ብሎ ለድኻ ማበደርን የሚከለክለውን ልብ ክፉ ልብ ትለዋለች (ዘዳ. 15፥ 9)። ተበዳሪውም ቢሆን፥ መክፈል እየቻለ የሌላውን ቸርነት ተስፋ አድርጎ ቢሸሽ ይቅርታን ወደ ስርቆት ይለውጠዋል።

ዕዳ ሲተው ደግሞ ከንቱ ሆኖ እንደማይጠፋ እናስተውል። አበዳሪው ሲተው ጉዳቱን እርሱ ይሸከመዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ ሲለምን፥ ፊልሞናን የጐዳው ነገር ቢኖር በራሱ ላይ እንዲቈጠር የጻፈው ይህን ስላወቀ ነው (ፊልሞና ቍ. 18)። የጽርኡ ተርጓሚዎችም መሸከምን፥ ማንሣትን የሚያመለክተውን የዕብራይስጥ ግስ አንዳንድ ጊዜ በአፊዬሚ የመለሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ይቅር ያለ ሰው ልቡ ቢከብደው አይደነቅ፤ የተሸከመው ነገር አለና። ሸክሙ ከብዶት ወደ ካህኑ፥ ወደ ሽማግሎችም ቢሄድ ይቅርታው ሐሰት ነው አይባልም።

በአገሩ ባህል ሽማግሎች ተቀምጠው ጠበኞችን የሚያስታርቁበት፥ ደም የፈሰሰ እንደ ሆነም ጉማ ተከፍሎ ወገኖቹ የሚታረቁበት ሥርዓት የቈየ ነው። ይህ ሥርዓት በደልን በግልጥ መናገርንና ካሳን ስለሚጠይቅ ከወንጌሉ ቃል ጋር የሚስማማበት መንገድ ብዙ ነው። ምእመናን ግን ካሳው በተከፈለ ጊዜ ነገሩ አልቋል ብለው እንዳይቈሙ እንመክራለን። ካሳ ዕዳውን ይዘጋል፤ ወንድምን መልሶ በማዕድ ዙሪያ የሚያስቀምጠው «ተወለት» የሚለው ቃል ነው።

በመጨረሻም፥ ጌታችን መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር ይታረቅ ዘንድ ባዘዘበት ቦታ (ማቴ. 5፥ 24) የተጻፈውም አፊዬሚ ነው። መባውን ለጥቂት ጊዜ ተው፤ ወንድምህን ግን አትተው ማለቱ ነው። በማቴዎስ ወንጌል እጅግ ጥንታዊ በሆኑት የጽርእ መጻሕፍት ውስጥ የጸሎቱ ቃል «እንደምንተው» ሳይሆን «እንደ ተውን» በሚል ኃላፊ ጊዜ ተጽፎ መገኘቱም ከዚሁ ጋር ይስማማል፤ ለጸሎት የሚቆም ሰው ትቶ ይመጣል እንጂ እተዋለሁ እያለ ቀጠሮ አይሰጥም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ማታ ከጸሎት በፊት ሦስት ነገር ራስህን ጠይቅ። የያዝኸው ምንድን ነው? ስሙን ጥራው። ያለበት ማን ነው? ስሙን በፍቅር ጥራው። «ትቼዋለሁ» ስትል ከፊትህ የሄደው በደሉ ነው ወይስ ሰውዬው? በደሉ ሄዶ ሰውዬው ቀርቶ እንደ ሆነ፥ በግእዝም በአማርኛም በኦሮምኛም ብትጸልይ ቃልህ ሐሰት የለበትም። ሰውዬው ሄዶ በደሉ ቀርቶ እንደ ሆነ ግን፥ ነገ ማልደህ ወደ ደጁ ሂድ፤ ያችንም አንዲት ፊደል አስተካክለህ «ትቼልሃለሁ» በለው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።